ናሱ ውስጥ ያለው ሸምበቆ

ልጅዎ ዋሽንቱን ትቶ ሳክስፎን ልማር ቢልዎት ምን ይሉታል? እኔ የራያ ቆቦ ሰው ነኝ፤ ያደግሁት ማሽላ ስጠብቅ የእረኛ ዋሽንት እየሰማሁ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ልጄ ሳክስፎን ስትመርጥ የአገሬ ዜማ በእኔ ሊያበቃ ነው ወይ ብዬ ሰጋሁ።

ሳክስፎንን የፈጠረው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አግኝቷል። አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁ የሚነሳው አፉ ላይ ከምትታሰር ስስ የሸምበቆ ስንጣሪ ነው። የእኛም ዋሽንት ሸምበቆ ነው።

አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያም መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። በኋላ ሳክስፎን ይዘው የአርበኛውን ሽለላ በትንፋሻቸው አስተጋቡት። ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓ መድረክ ላይ ያሰሙትም ይህንኑ የአገራቸውን ድምፅ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ከየትም ይምጣ፤ ዋናው ልጁ ምን ሰምቶ አደገ የሚለው ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ለመምህር ከመክፈልዎ በፊት የአያቶቹን ዜማ ያሰሙት። እኔም ልጄን ለጥር ሰርግ ቆቦ ይዣት እሄዳለሁ፤ የራያን ጭፈራ ከጆሮዋ ካስገባች፣ ሳክስፎኑን ያኔ እገዛላታለሁ።