‹‹ከዱን፣ አባዬ!››

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ሳለን፣ የበኩር ልጄ የሜታሊካን ‹‹ሎድ›› አልበም ገዝቶ ገባ። ከክፍሉ የሚወጣው ሙዚቃ ከወትሮው ለስለስ ቢልልኝ ‹‹ተመስገን!›› አልኩ። እሱ ግን አኩርፎ ራት አልበላም። የባንዱ አባላት ረጅም ጸጉራቸውን ሳይቀር ተቆርጠው ነበር።

‹‹ከዱን፣ አባዬ!›› አለኝ። ጓደኛው ደግሞ ‹‹ሰው አያድግም እንዴ?›› ብሎ ተከራከረው፤ በዚሁ ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ። እኔ በሁለቱም ሳቅሁ።

ዛሬ ልጄ ራሱ አባት ሆኗል። ባለፈው ስደውልለት ከዚያው አልበም ስለ እናት የተዘፈነውን ከፍቶ ሕፃኑን ያስተኛል።

‹‹ይቅር አልካቸው?›› አልኩት።

‹‹አንተም እኮ ድሮ ቁጡ ነበርክ፤ አሁን ለስልሰሃል›› አለኝ።

ዝም አልኩ። ያኔ በሩን እየደበደብኩ ‹‹ቀንስ!›› ከማለት በቀር፣ አንድ ቀን እንኳ አብሬው ቁጭ ብዬ አልሰማሁም።