ጋሼ ያላስተማሩን

በእኛ ጊዜ፣ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ፣ የካምፓስ ተማሪ ሀብቱ ሁሉ አንዲት ፍላሽ ውስጥ ነበር። አሳይመንቱ፣ ከሲኒየር የተወረሰው ሀንዳውት፣ ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው። ፍላሿ ከኮምፒውተር ላብ ወደ ፎቶኮፒ ቤት፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ቤት ስትዞር ትውላለች፤ ማታ ዶርም የምትገባው ቫይረስ ተሸክማ ነው።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋና ውድ ስለነበር ቫይረሱ የሚደርሰን በአብዛኛው በእጃችን ነበር። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ፍላሹን ደብል ክሊክ ስታደርገው፣ አውቶራን የምትባል የተደበቀች ፋይል ቫይረሱን አስነሥታው ቁጭ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሲያዳርስ አንዱ መንገዱ ይኸው ፍላሽ ነበር። ማይክሮሶፍት ለነባር ዊንዶውሶች በአፕዴት መፍትሔ ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እስከዚያው እኛን የጠበቁን የላባችን ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። በር ላይ ቆመው «ፍላሽህን ወዲህ በል» ይላሉ፤ ሳያዩት የሚገባ ፍላሽ የለም። ሺፍት የምትለዋን ቁልፍ በግራ እጃቸው ተጭነው ይሰኩታል፤ በራሱ እንዳይነሣ ነው። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን አውጥተው ያያሉ። ፎልደር መስሎ ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ነገር ካዩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ይኼ ፎልደር ነው?» ብለው ይጠይቁሃል፤ መልስህን ሳይሰሙ አያጠፉትም። ጽሑፏ ሁሉ ሾርትከት ሆኖባት ስታለቅስ የመጣች ተመራቂ ትዝ ትለኛለች። ጥቁሩን መስኮት ከፍተው አትሪብ ብላ የምትጀምር አንዲት መስመር ጻፉ፤ ፎልደሮቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ። «አልጠፋም፣ ደብቆት ነው» አሏት። «ነገ ግን ሁለት ቦታ አስቀምጪው።»

ኢሜይሉን ሳይዘጋ የተነሣ ተማሪ ካገኙም፣ አንዲት መስመር ሳያነቡ ሳይን አውት አድርገውለት ይሄዳሉ። የሰው ደብዳቤ የሰው ነው ይሉ ነበር። ስለ ግል ሚስጥር እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ፓስዋርድ ላይ ግን ያኔም ደካሞች ነበርን፤ ስልክ ቁጥር ወይም የፍቅረኛ ስም ነበር የሚበዛው። ዓለሙም ከእኛ አይሻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል ፓስዋርዶች ተሰርቀው አደባባይ ሲወጡ፣ ብዙ ሰው የተጠቀመበት 123456 ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሀንዳውቱ ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከቤት የሚላከው ብርም ስልኩ ውስጥ ይገባል። ሌባውም አብሮ ተቀይሯል፤ የዛሬው አፍ አውጥቶ ያናግርሃል። በጓደኛህ አካውንት ገብቶ «እንዴት ነህ ወንድሜ? የሆነ ኮድ በስህተት ወዳንተ ልኬ ነው፣ ይቅርታ፣ እስቲ ንገረኝ» ይልሃል። ባለ 5 አሃዟን ቁጥር ይዞ የመጣው መልእክት ራሱ ለማንም እንዳትሰጥ ያስጠነቅቃል። ግን ማን ጓደኛውን «አልሰጥህም» ይላል? ቁጥሯን በሰጠኸው በደቂቃዎች ውስጥ አካውንትህ በሰው እጅ ይገባል። ከዚያ በአንተ ስም ለእናትህ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ለምትሠራው እህትህ «ቸግሮኝ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ ይጻፋል። እህትህም ሳትጠይቅ ትልካለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ልጆቹ የሚታለሉት ከስንፍና አይደለም፤ የሚጠቁት በይሉኝታቸው፣ የሰው ፊት እንዳይመልሱ ተደርገው ባደጉበት በኩል ነው። ጋሼ ከማሽን እንድንጠነቀቅ እንጂ ከለስላሳ አንደበት እንድንጠነቀቅ አላስተማሩንም፤ ጊዜውም አልጠየቃቸውም። ዛሬ ጊዜው ሲጠይቅ ደግሞ በር ላይ የሚቆም ጋሼ የለም። ፍሬሽ ተማሪዎች ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚወስዱት የጋራ ኮርስ ውስጥ የሳይበር ደህንነት መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ከናኖቴክኖሎጂና ከብሎክቼይን ጋር ተደርድሮ ይገኛል። ትርጉሙ ለፈተና ይሸመደዳል። የልጁን ስልክ ተቀብሎ «እዚህ ጋ ግባ፣ ይህን አብራ» የሚል ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ትልቁ ጉድለታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እኛ የተማርነው አጠገባችን ቆሞ ካሳየን ሰው ነው፣ ያንን ለታናናሾቻችን አላደረስንም።

ስለዚህ የዘንድሮ ተማሪዎች፣ ቴሌግራማችሁን አሁኑኑ ክፈቱ። ሴቲንግ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር ሁለተኛ ፓስዋርድ የምታስገቡበት ቦታ ታገኛላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አብሩት። ዲቫይስስ የሚለውን ተመልክታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። ለክረምት አገር ቤት ስትገቡም ለእናትና ለአባታችሁ እንዲሁ አድርጉላቸው፤ «በስሜ ብር የሚጠይቅ ጽሑፍ ቢመጣላችሁ፣ ደውላችሁ ድምፄን ሳትሰሙ እንዳትልኩ» በሏቸው።