ያለቀውን ጨዋታ ደጋግሞ ስለ መጫወት

አንድ ወጣት በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ በጌም መሣሪያ ሲተኩስ ያየ ትልቅ ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ጊዜህን አታባክን» የሚል ነው። ወጣቱ የያዘው አዲስ ጨዋታ ሳይሆን ከዚህ በፊት አርባ ጊዜ የጨረሰው አሮጌ ጨዋታ መሆኑን ሲሰማ ግን ቁጣው ወደ መገረም ይለወጥና «ያለቀ ነገር እንደ ገና ይጀመራልን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ ነገር የማይገኝበት፣ ጥልቅ አሳብ የማይጠይቅ፣ ገንዘብም ሆነ ማዕረግ የማያስገኝ ጨዋታ ሰው ስለ ምን ይመላለስበታል? የብሔራዊ ፈተና ጊዜ እየቀረበ በመጣበት በዚህ ዓመት ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ዕረፍት የሚሰጣቸውን ነገር ሲሹ ስለማይ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው እንደ ዐቅሜ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

ለምሳሌ የማቀርበው በሚገባ የማውቀውን «ኮንትራ» የተባለውን ጨዋታ ነው። ጨዋታውን የሠራው ኮናሚ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ በ1987 ሳንቲም እየተከተተበት በሚሠራ ትልቅ መሣሪያ፣ በ1988 ደግሞ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር በሚያያዘው የኒንቴንዶ መሣሪያ ለሕዝብ ቀረበ። (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ ቤት ያለው የኒንቴንዶን መሣሪያ አስመስለው ከሠሯቸው ርካሾች አንዱ ነው፤ ካሴቱ አልሠራ ሲል አውጥተን እፍ እንልበትና መልሰን እንከተዋለን።

የጨዋታው ታሪክ በሁለት መስመር ያልቃል። ቢልና ላንስ የተባሉ ሁለት ወታደሮች ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት ወደ ሰፈረበት ጫካ ይገባሉ፤ እየሮጡ፣ እየዘለሉ፣ እየተኮሱ ስምንት ደረጃዎችን ያልፋሉ፤ በመጨረሻም የጠላትን ልብ መትተው ይመለሳሉ። ከዚህ በቀር የሚፈታ እንቆቅልሽ ወይም የሚመረጥ መንገድ የለም። ነገር ግን ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አንዲት ጥይት ብቻ የነካችው ተጫዋች ይሞታል፤ ሲጀምር የሚሰጠውም ነፍስ ሦስት ብቻ ነው።

ስለዚህም ኮንትራ ለጀማሪ እጅግ ከባድ ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች ክብደት ለሠሪዎቻቸውም እንኳ ይተርፍ እንደ ነበረ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለው የኮናሚ ባለሙያ በ1986 «ግራዲየስ» የተባለውን ሌላ ጨዋታ ለቤት መሣሪያ ሲያዘጋጅ፣ ሥራውን እየተጫወተ መፈተን ስለ ከበደው ለራሱ መርጃ የሚሆን የምስጢር ቁልፍ በውስጡ አኖረ። ይኸውም ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ቢ እና ኤ የሚባሉትን መጫን ነው። በኮንትራም መክፈቻ ላይ ይህንኑ ቁልፍ የነካ ሰው በሦስት ነፍስ ፈንታ ሠላሳ ያገኛል። ሃሺሞቶ በ2020 ሲሞት በብዙ አገር ያሉ ተጫዋቾች ስሙን ያነሡት በዚህች ቁልፍ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው ከጨዋታ ዘንድ ሁልጊዜ የሚፈልገው አዲስ ፈተና አለመሆኑን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው በጨዋታው ውስጥ ጥቂት እንዲቆይ መፈቀዱን ብቻ ነው።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ቁልፉን ስለማናውቅ ኮንትራን የተማርነው በመሞት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ድልድዩ ከእግር በታች እንደሚፈነዳ ያወቅነው ፈንድቶብን ነው። የጥይት መሣሪያዎቹ የት የት እንደ ተተከሉ፣ ጥይት እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ የሚተኩሰው የኤስ ምልክት ያለበት መሣሪያ ከየት እንደሚወድቅ፣ በደረጃው መጨረሻ ያለው ግንብ በየትኛው በኩል እንደሚመታ፣ ሁሉንም ቀስ በቀስ በቃላችን ያዝነው። እነዚህ ነገሮች ዛሬም ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ነገም አይለቁም። አሁን ስጫወት አስቤ የምሠራው ነገር ጥቂት ነው፤ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ከጌም ጋር የመጣ አይደለም። አያቴ ማታ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷን ታሾራለች፣ ክሩን ትስባለች፣ ትጠቀልላለች፤ እንደ ገና ታሾራለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያደረገችውን ነገር ዛሬም ስታደርገው ፊቷ ይፈታል። «አልሰለቸሽም ወይ፣ እማማ?» ብዬ ብጠይቃት «ልጄ፣ እጅ ሲይዝ ልብ ያርፋል» አለችኝ። ቡናችንስ ቢሆን? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በየቀኑ በአንድ ሥርዓት ይፈላል፤ ሆኖም «ትናንት ጠጥቼዋለሁና ይቅርብኝ» የሚል ሰው አይገኝም። ተረት ሲነገራቸው ያደጉ ሕፃናትም የሚያውቁትን ተረት ድገሙልን ይላሉ እንጂ ለውጡልን አይሉም፤ እንዲያውም አንዲት ቃል የቀየረ ሰው ካለ ይቆጡታል።

እንግዲህ ዕረፍቱ ከየት ይመጣል? ሊቃውንትም ስለዚህ ነገር የሚጠቅም አሳብ ሰጥተዋል። ሮበርት ዛያንስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1968 ባወጣው ጥናት ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው በማየታቸው ብቻ እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳየ። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ደግሞ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥራ ከዐቅም በላይ ሲሆን ሰው እንደሚጨነቅ፣ ከዐቅም በታች ሲሆን እንደሚሰለች፣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን ራሱን ረስቶ በሥራው እንደሚጠመድ ገለጠ። በ2009 ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቿ በኦክስፎርድ ባደረጉት ሙከራ፣ አስጨናቂ ፊልም ካዩ በኋላ «ቴትሪስ» የተባለውን ጨዋታ የተጫወቱ ሰዎች በሚከተለው ሳምንት ክፉው ሥዕል ሳይጠሩት ወደ አሳባቸው የመጣባቸው ካልተጫወቱት ያነሰ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ቴትሪስ የቅርጽ ማስተካከል ጨዋታ እንጂ የተኩስ ጨዋታ አይደለም፤ ነገር ግን ዐይንንና እጅን በአንድነት የሚይዝ ጨዋታ በአሳብ ውስጥ ለክፉ ሥዕል የሚተርፍ ቦታ እንደሚያሳንስ ያመለክታል።

እኔ በበኩሌ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው። ጭንቀት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሰው ዝም ብሎ ቢጋደም አሳቡ ባዶ ስለሚሆን ጭንቀት ይገባበታል። አዲስና ከባድ ጨዋታ ቢይዝም የጨዋታው ጭንቀት በላዩ ይጨመርበታል። የታወቀው የተኩስ ጨዋታ ግን በሁለቱ መካከል ነው። አንዲት ጥይት ስለምትገድል ዐይን ሊዘናጋ አይችልም፤ ጥይቷ ከየት እንደምትመጣ ስለሚታወቅ ግን ልብ አይደነግጥም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል የአገራችን ሰው። በኮንትራ መጨረሻ የሚጠብቀኝ አስቀያሚ ፍጡር ነው፤ ሆኖም በየትኛው ቀንና በየትኛው ሰዓት ብመጣ ቦታው ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ዘመድ እየቈጠርኩት ሄጃለሁ።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ በቤታችን ያየሁት ይበልጥ አስረድቶኛል። በ2015 ዓ.ም. የተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ከየቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተፈተኑበት የመጀመሪያው ፈተና ነበር። በጥር ወር ውጤቱ ሲገለጥ ከመቶ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ሦስት ያህል ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ታላቅ ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ ወገን ሆነ። በዚያ ምሽት ራት ቀርቦ የበላ ሰው አልነበረም። አባታችን ሬዲዮኑን ዘጋ፤ እናታችን «ይሁን፣ ለበጎ ነው» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሊያጽናኑት የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ በደግነት የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ «እንግዲህ ምን አሰብህ?» የሚል። እርሱ ግን በዚያ ሰዓት የማያውቀው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መሣሪያውን ከፍቶ አንዱን ጆይስቲክ ያዘ፤ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠኝ። ጫካውን ስናልፍ አልተናገረም፤ በሁለተኛው ደረጃም አልተናገረም። ሦስተኛው ደረጃ ፏፏቴ ነው። በዚያ ሁለቱ ተጫዋቾች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንደኛው ፈጥኖ ሲወጣ ሥዕሉ አብሮት ስለሚወጣ፣ ከታች የቀረው ከሥዕሉ ውጭ ሆኖ ይሞታል። ስለዚህ የቀደመው ቆሞ የኋለኛውን መጠበቅ አለበት። ወንድሜ ቆመና ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «ና፣ ዝለል» አለኝ። ውጤቱን ካየ ወዲህ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እስከ መጨረሻው ሄድን፤ ጨዋታው ሲያልቅም ተነሥተን የቀዘቀዘውን ራት አብረን በላን።

ኮንትራ በዚያ ምሽት የወንድሜን ውጤት ከፍ አላደረገለትም፤ «አልፈሃል» ብሎም አልዋሸውም። የሰጠው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተማረው ነገር ሁሉ እንደ ተማረው ሆኖ ቆየው፤ ሲዘል ደረሰ፣ ሲተኩስ መታ፣ ሲጠብቅ አዳነ። ያን ቀን ሙሉ ይህን ያህል የታመነለት ሌላ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ከዚያ በኋላ በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ዛሬ በሙያው ይሠራል። ይህን ያደረገለት ኮንትራ ነው አልልም፤ ያደረገው ራሱ ነው። ኮንትራ ያደረገለት በዚያች ሌሊት እንዲተኛ ነው።

እዚህ ላይ የወላጆቻችንን ሥጋት ማቃለል አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 ተቀብለውት ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ፣ ሰው ራሱን መግዛት እስኪያቅተው ድረስ በጌም መያዙ እንደ ሕመም ተመዝግቧል። ጦርነትን በጨዋታ መልክ ማየትም የሚያሳዝናቸው ሰዎች አሉ፤ እውነተኛውን ጦርነት ያዩ ናቸውና ማዘናቸው ልክ ነው። እውነተኛው ጥይት ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የተሰጠችውም ነፍስ አንዲት ናት። ኮንትራ ዕረፍት የሚሆነው ከዚያ ጋር ምንም ስለማይመሳሰል ነው።

ዋናው ልዩነት ግን፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ጨዋታው መጨረሻ ያለው ወይም የሌለው በመሆኑ ላይ ነው። ኮንትራ ያልቃል። ሲያልቅ የሠሪዎቹን ስም አሳይቶ ዝም ይላል፤ ነገ ተመለስ ብሎ አይጠራም፤ ስጦታ አዘጋጅቼልሃለሁ ብሎ አያባብልም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ዛሬ በስልካችን ውስጥ ካሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ መጨረሻ የላቸውም፤ በየቀኑ ያልከፈታቸውን ሰው እንደሚቀርበት ነገር አድርገው ይቀሰቅሱታል። በእነዚህ ተጫዋቹ ጨዋታውን አይጨርስም፤ ጨዋታው የተጫዋቹን ቀን ይጨርሳል እንጂ። ቡና ሦስተኛው ስኒ ላይ በረካ ተብሎ ረከቦቱ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ዕረፍትም የሚነሣበት ሰዓት ካልታወቀ ዕረፍትነቱ ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በእነዚህ በቀሩን ወራት ከጥናት በኋላ ጥቂት መተንፈስ ስትፈልጉ አዲስ ነገር መፈለግ ግድ አይደለም። የምታውቁትን፣ የሚያልቀውን፣ እጃችሁ የለመደውን ጨዋታ ውሰዱ። ኮንትራ ባይሆን ሌላ ይሁን፤ ጌም የሌለው ሰውም ገበጣ አለለት። ብቻውን የተጨነቀ ጓደኛ ካላችሁም ምክር ከማብዛታችሁ በፊት ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስጡት። ሲዘገይ ግን ፏፏቴው ላይ ቆማችሁ ጠብቁት።