ትምህርት በተማሪው ልክ

ለሁሉም ተማሪ በአንድ መንገድ ማስተማር በእኩልነት ማስተማር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም።

ይህን የቀደሙት የኔታዎች ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት ትምህርት ይለያል፤ አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሌላው በአጠገቡ ዳዊት ይደግማል። ቀድሞ የዘለቀው ተከታዩን ያስጠናል፤ ዓይነ ስውሩም ዜማውንና ቅኔውን በቃል እየተቀበለ ለመምህርነት ይበቃ ነበር። አርጩሜያቸው ባይመሰገንም ይህ ዘዴያቸው ይመሰገናል።

በዛሬው ክፍል ግን ብዙ ልጆች በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው በአንድ ደወል ይመራሉ። መምህሩ ዝም ብሎ ሲጽፍ፣ ዓይኑ የደከመው ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲናገር፣ ጆሮው የከበደው ይቀርበታል። በመዝገብ ሥራ ላይ ያለን እኛ ውጤቱን እናያለን እንጂ ልጁ እንዴት እንደ ተማረና እንደ ተጠየቀ አናይም። ስለዚህ ትምህርቱ ያልደረሰው ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ ስሙንም አምኖ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥዎ ያለውም እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ እንዲማር አመልክቷል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ይሁን እንጂ በሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሕጉ ሳይሆን መምህሩ ነው። የሚጽፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ መልሶ ቢናገር፣ መጻፍ የሚቸግረውን በቃል ቢጠይቅ፣ የገባውን ካልገባው ጎን ቢያስቀምጥ፣ ይህ ሁሉ ከትዕግሥት በቀር ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

ብሬልና የምልክት ቋንቋ ግን ዕቃና የሠለጠነ ሰው ይሻሉ፤ ይህ ዕዳ የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የእኛም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነው።