«እሺ» ማለት «ገባኝ» ሲሆን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቀኑን ሆቴል ስታጸዳ የዋለች እናት ማታ እንግሊዝኛ ትማራለች። ትምህርቱ «ለሥራ ዝግጁነት» ይባላል፦ ሲቪ መጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሰዓት ማክበር። (ሁለት ሥራ ለያዘ ሰው ሰዓት ማክበርን ማስተማር!)

እሷን የከበዳት ሌላ ነው። አለቃዋ ስለ ጽዳት ኬሚካሎች ሲያስረዳ ግማሹ አልገባትም፤ ግን አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። አገር ቤት ታላቅን ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት ነው። እዚያ ግን «እሺ» ያለ ሰው ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል። ያመለጣት ነገር ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ከተደባለቀ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ይህን ስትነግራት መምህሯ የሲቪውን ትምህርት አቋርጣ ክፍሉን አንድ ነገር ብቻ አስደገመች፦ «አልገባኝም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ።» ሁሉም ሳቁ። ቃላቱን ያውቋቸዋል፤ ማለቱ ነው ያቃታቸው።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ የደኅንነት ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ አሳስቧል። ስለ እጅ አጨባበጥ ያን ያህል ከሚነገራቸው ይህ ቢነገራቸው በተሻለ።

በማግሥቱ ሁለቱን ጠርሙሶች ይዛ አለቃዋ ዘንድ ሄደች።