ማዕበል ያልፈታት መንደር

ስለ ታላላቅ ከተሞች የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ትንንሾቹን መንደሮች የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምናወሳው በኖርዌጅ አገር፥ በባሕር መካከል ስላለችው ግሪፕ ስለምትባል ደሴት ነው። የሩቅ መንደር ታሪክ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ከአባቱ ቤት ርቆ የሚኖረውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነገር አለበት ብለን እንመልሳለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ግሪፕ ክሪስቲያንሱን ከሚባለው የወደብ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ምድሯ ዐለት ነው፤ ዛፍም አያበቅል፥ እርሻም አያሳርስ። ሰዎቿ ይኖሩ የነበሩት ኮድ የሚባለውን ዓሣ እያጠመዱ ነው። የእንጨት ቤቶቻቸው እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ ከመካከላቸውም ከፍ ባለው ስፍራ በ1470 ገደማ የተሠራች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ከፍ ያለ ስንልም ከባሕሩ ወለል 8 ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ላይ በ1520 ገደማ የተሠራ የቅዱሳን ምስል አለ። የዴንማርክን ንጉሥ 2ኛ ክርስቲያንን ለማግባት በ1515 በባሕር የተጓዘችው ልዕልት ኢሳቤላ፥ ከማዕበል ስለ ዳነች የሰጠችው ስጦታ ነው እየተባለ ይተረካል። ተረኩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ የደሴቲቱ ሰዎች ከማዕበል መዳንን እንዴት አድርገው ያስቡት እንደ ነበር ያሳያል።

ማዕበሉም አልቀረላቸውም። በ1796 ብርቱ ነፋስና ማዕበል ተነሥቶ 100 ያህል ቤቶችን ጠርጎ ወደ ባሕር ወሰዳቸው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ተረፈች። መንደሪቱም በዚያ ጥፋት አልተፈታችም፤ ሰዎቿ እንደ ገና ቤት ሠርተው መረባቸውን ጣሉ። በ1888 ለመርከበኞች መንገድ የሚያሳይ ረጅም የመብራት ግንብ በአጠገቧ ተሠራ። በ1897ም የራሷ ሸንጎና አስተዳደር ተሰጥቷት፥ በኖርዌጅ ካሉት ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ ትንሿ ሆነች።

ይህ ክብር የቈየው እስከ 1964 ነው። በዚያ ዓመት የቀሩት ነዋሪዎች 104 ብቻ ስለ ነበሩ፥ መንደሪቱ ከክሪስቲያንሱን ከተማ ጋራ ተቀላቀለች። በ1974ም ዓመቱን ሙሉ ይኖሩባት የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሰዎች ለቀቋት።

እኛን ያስደነቀን ይህ ነው፤ 100 ቤት ያፈረሰ ማዕበል ያልፈታትን መንደር የከተማ ኑሮ ፈታት። ሆኖም የሄዱትን ሰዎች ለመንቀፍ አንደፍርም። ልጁን ለትምህርት፥ ሕመምተኛውን ለሐኪም ለማድረስ ባሕሩ እስኪበርድ የሚጠብቀውን አባት፥ ለምን ወደ ከተማ ገባህ ብሎ የሚፈርድበት ማን ነው? እኛም ብንሆን ከተወለድንበት ቀዬ የወጣነው ለትምህርትና ለሥራ ብለን ነው፤ ልጆቻችንም ነገ ከእኛ ርቀው ይሄዳሉ።

ግሪፕን የለቀቁት ሰዎች ግን ጨርሰው አልተዉአትም። ቤቶቹ ፈርሰው አልቀሩም፤ ቀለማቸው እየታደሰ በበጋ ወራት ባለቤቶቻቸው ይገቡባቸዋል። በዚያች አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ሙሽሮች ይጋቡባታል። ሹመቷና ሸንጎዋ ቢቀሩም፥ ቤቶቿን የሚጠብቅ ትውልድ አላጣችም።

እንግዲህ ከመካከላችን የአባቱ ቤት በባላገር ያለ ሰው፥ ለመኖር እንኳ ባይመለስ፥ ክረምቱ ሳይገባ ሄዶ ክዳኑን ይመልከት። ልጆቹንም ይዞ ይሂድ፤ ነገ ክዳኑን የሚመለከቱት እነርሱ ናቸውና።