ጠርሙስ ውስጥ ዕድሜ አይቆጠርም

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንድ ጡረተኛ መምህር ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አንድ ጠርሙስ ኮኛክ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በ1994 ዓ.ም. ከውጭ ሲመለስ በሻንጣው ይዞት መጥቶ "ለልጅህ ሰርግ ይከፈታል" ብሎ ያስቀመጠው ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር መምህሩ ጠርሙሱን ያወጡታል፤ በፎጣ ይወለውሉታል፤ ወደ መስኮቱ አዙረው ቀለሙን ያሳያሉ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመልሱታል። "አሥር ዓመቱን ደፈነ"፣ "አሥራ አምስት ገባ"፣ "ሃያ አለፈው" ይሉ ነበር። ወንድማቸው ለጥየቃ በመጣ ጊዜ ሁሉ "ዛሬ እንክፈተው እንዴ?" ይላል። መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቆይ፣ ይብሰል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።"

ወንድምዬው በ2013 አረፈ። አንድ መለኪያ እንኳ አልቀመሰለትም።

ሰርጉም እንደታሰበው አልሆነም። በ2012 ተቀጠረ፤ ኮሮና መጣ። በ2014 እንደገና ታሰበ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተያዙ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ልጅየው አዲስ አበባ ላይ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሞ አገባ፤ አባት ሰርጉን ያዩት በስልክ በተላከ ፎቶ ነው። ጠርሙሱ ግን ቡፌው ላይ ቆየ። ምክንያቱም እያረጀ ነው፣ ያረጀ ነገር ደግሞ ይከብራል።

በ2017 ለፋሲካ ሴት ልጃቸው መጣች። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል መስተንግዶ ሠራተኛ ናት፤ ስለ መጠጥ በሥልጠና ተምራለች። አባቷ እንደ ልማዳቸው ጠርሙሱን አውጥተው "ሃያ ሦስት ዓመቱ" ሲሉ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ መሳቋ ጸጸታት። "አባዬ፣ ይሄ'ኮ ዛሬም ያው አራት ዓመቱ ነው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኛክ የመጠጥ ስም ከመሆኑ በፊት የቦታ ስም ነው፤ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሻራንት ወንዝ ዳር ያለች ከተማ። በእኛ አገር መጠጥ ቤቶች "ኮኛክ" ብለን በመለኪያ የምናስቀዳው የአገር ውስጥ መጠጥ ስሙን ብቻ ነው የሚጋራው። የፈረንሳይ ሕግ ስሙን የሚፈቅደው በዚያ አካባቢ ከበቀለ ወይን ለሚወጣ መጠጥ ነው። ወይኑ ከፈላ በኋላ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ይነጠራል። ይህን ለቦረና ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ፣ ተመልሶ የወጣው ዳግም አረቄ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከመዳቡ የሚወጣውም እንደ ዳግም አረቄ ጥርት ያለ ነጭ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእኛው አረቄ ለገበያ ሲወጣ የእነሱ ኦክ ከሚባል ዛፍ በተሠራ በርሜል ይገባል። ቡናማ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ልስላሴውን የሚሰጠው እንጨቱ ነው። በእንጨቱ ቀዳዳ አየር ይገባል፤ በየዓመቱም ከመጠጡ 2 በመቶ ያህል ይተናል። ፈረንሳዮች ይህን ጉድለት "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። መብሰል ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ከእንጨቱ እየወሰዱ፣ ለአየሩ እየከፈሉ መቆየት።

ዕድሜ የሚቆጠረውም እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ወይኑ በተለቀመ በቀጣዩ መጋቢት 23፣ በእነሱ ኤፕሪል 1 ነው። ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል የቆየው ቪ.ኤስ. ይባላል። ቢያንስ 4 ዓመት የቆየው ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ነው። ናፖሊዮን የሚባለው 6 ዓመት ይፈልጋል። ኤክስ.ኦ. የሚለው ማዕረግም በ6 ዓመት ይገኝ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ ግን 10 ዓመት ሆኗል። ፊደሎቹ እንግሊዝኛ የሆኑት የጥንቱ ትልቅ ገበያ እንግሊዝ ስለነበረ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንድ ጠርሙስ ኮኛክ አብዛኛውን ጊዜ የብዙ በርሜሎች ድብልቅ ነው፤ ማዕረጉ የሚሰጠው በታላቁ ሳይሆን በታናሹ ዕድሜ ነው። የ30 ዓመት ኮኛክ ላይ የ4 ዓመት ጠብ ቢደረግበት ድብልቁ በሕግ ፊት የ4 ዓመት ነው። እኛ ዘንድ ግልባጩ ነው፤ አንድ ሽበታም ሰብሳቢ ከፊት ይቀመጥና ኮሚቴው በሙሉ "አንጋፋ" ይባላል።

ሁለተኛ፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ቆጠራው ይቆማል። ብርጭቆ ምንም አይሰጥም፣ ምንም አይወስድም። አራት ዓመት ሆኖት የታሸገ ኮኛክ ሃያ ሦስት ዓመት ቡፌ ላይ ቢቀመጥ አቧራው እንጂ ዕድሜው አይጨምርም።

ልጅቷ ይህን ስታስረዳ ጎረቤታቸው ሐጂ ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። ኮኛክ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ የዚያን ጠርሙስ ታሪክ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሰምተው ሰምተው "ታዲያ መምህር፣ ያረጀኸው አንተ ብቻ ነህ በለኛ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። የታሰባቸው ወንድማቸው ነው። "ይብሰል" እያሉ የከለከሉት ነገር በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በስሎ የተቀመጠ ነበር።

በዚህ የሚስቁ ብዙ ሰዎች የየራሳቸው ቡፌ አላቸው። የአገራችን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ዓመት ይቆጥራል፤ ሰውየው ዓመቱን በበርሜል ይሁን በጠርሙስ እንዳሳለፈው አይጠይቅም። ሃያ ዓመት በአንድ ወንበር የተቀመጠ ኃላፊ፣ ሃያ ዓመት ያልተነካ ጥናት፣ "ጊዜ ይፈታዋል" ተብሎ የተሸፈነ የወሰን ጥያቄ ሁሉም በቆይታቸው ይከበራሉ። ጊዜ ግን ብቻውን ምንም አይፈታም፣ ምንም አያበስልም። የሚያበስለው ጊዜውን የሚያሳልፉበት ዕቃ ነው። እርቅም ቢሆን ሰው እየተነጋገረ፣ እየሰጠና እየተቀበለ፣ ጥቂትም እየጎደለበት የሚቆይበት በርሜል ይፈልጋል። ዝም ተብሎ የታሸገ ቂም ከሃያ ዓመት በኋላ ሲከፈት በታሸገ ቀን የነበረውን ያህል ትኩስ ነው።

ተረቱም ቢሆን አልዋሸም። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል የተባለው ከሚስቱ ጋር ለቆየ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ መምህሩ ጠርሙሱን ከፈቱት። ቡሹ ደርቆ ስለነበር ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ፤ በሻይ ማጥለያ አጠለሉት። የሰርግ ቀን አልነበረም። ሰላምም ገና አልወረደም፤ ከተማዋ በስሟ ብቻ መካነ ሰላም ናት። ለሐጂ ብርዝ ቀረበ፤ ለቤተሰቡ አንድ አንድ መለኪያ ተቀዳ። መምህሩ ቀምሰው "ጥሩ ነው" አሉ። "ያኔም እንዲሁ ነበር ማለት ነው?"

"ያኔም እንዲሁ ነበር" አለች ልጃቸው።

የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ በማግስቱ ጠዋት ይዘው ወደ ወንድማቸው ሚስት ቤት ሄዱ።